ከግራ ወደ ቀኝ የዞረው ፋሻ

ሙሀይሚን፣

ውጫሌ ገበያ እየሄድኩ ነው፤ ልቀሰቅስህ አልደፈርኩም። ዓሣው ድስቱ ውስጥ አለ። ድመቷ እንዳትቀድምህ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኜበታለሁ።

ማታ ያ የጠፈር ድራማህ አለ። ተመልከተው። የጠፈርተኛው ፋሻ ከግራ እጁ ወደ ቀኙ ቢዞር፣ የተሰበረው መስኮት ወዲያው ደህና ሆኖ ቢታይ፣ «አየህ፣ ተሳሳቱ!» እያልኩ አላበሽቅህም።

ያንኑ አመሌን ይዤ ነው ትናንት ባሕር ለበላው ለሀሚዱ ዱአ የተቀመጥኩት። አንተ «ጀልባዋ ስትገለበጥ በቀኝ እጄ ይዤው ነበር» ስትል፣ እኔ ቀበል አድርጌ «አምና በግራ ነው ያልከኝ» አልኩህ።
እናቱ ፊት።
ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየህ። አንተም ተነስተህ ወጣህ።

አፉ በለኝ የሚባለው ፊት ለፊት እንጂ በወረቀት አይደለም።

ውሃ ቀድቻለሁ፤ ጄሪካኑ በሩ ሥር ነው። ከቦኖው ተሸክሜው ስመጣ ቀኝ እጄ ዛለብኝና ወደ ግራ አዛወርኩት። እዚያው መንገድ ላይ ክው ብዬ ቀረሁ።

ገበያው ይቆየኛል። መጀመሪያ እናቱ ቤት ገብቼ፣ ልጇን እጅህን እየቀያየርክ እንደያዝከው እነግራታለሁ።

ኑርዬ