ሳልሞት የቆፈሩልኝ መቃብር

ዘሃራዬ፣

አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው የማሽላ አጨዳ አለፈ። ናፍቆት ይዞት ነው የጻፈው እንዳትዪ፤ ናፍቆቱ ሳይጻፍም አለ። የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ልጅሽ እንድሪስ ቤታችንን ለፊልም ሠሪዎች ሰጠብኝ።

ቤቱን ታውቂዋለሽ። አባቴ ጭሰኛ ሆኖ ኖሮ፣ መሬት ለአራሹ ሲባል ነው ድንጋዩን ከወንዝ በትከሻው እያመጣ የካበው። ቆርቆሮውን እኔና አንቺ ብርቱካን ሸጠን አለበስነው። መጀመሪያ ለዘፈን ክሊፕ መጡ፤ በረቱ በር ላይ ትከሻቸውን ሲነቀንቁ ውለው ላሟ ደንብራ ወተቷን ያዘች። ቀጥሎ ድራማ ይዘው መጡና የአባቴን ቤት የባላባት ቤት አደረጉት። ጭሰኛ ነበር ብላቸው፣ ዳይሬክተር የሚሉት መነጽራም "አባባ፣ ተመልካቹ አያውቅም" አለኝ። ተመልካቹን እንደ ራሱ ቆጥሮት ነው።

ዘንድሮ ባሰባቸው። ግቢያችን "ገጠር አይመስልም" አሉ። ገጠር ተወልጄ ገጠር ላረጀሁት። ሶላሩን አወረዱ፣ ጀሪካኑን ደበቁ፣ አንቺ በኖራ ያነጣሽውን ግድግዳ በእበት ለቀለቁት። ሽማግሌ ሆኖ የሚሠራው ጎረምሳ ጢሙ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ሲያልበው ይወርድበታል። ማጭዱን እንደ ዘፋኝ ማይክ ጨብጦ ሳየው አስጠላኝና ወደ መርሳ ገበያ ሄድሁ።

ለካ ያን ቀን የሽማግሌው ሞት ነበር የሚቀረጸው። እንድሪስ፣ ያ ማሰቢያ የሌለው፣ በእኛ አገር ሞት እንዴት እንደሚነገር አስረድቷቸው ነዳጅ ሊያመጣ ውርጌሳ ሄዷል። አንዱ ጉብታው ላይ ወጥቶ "ቅሬ ውጡ፣ ሽማግሌው አርፈዋል" እያለ ተጣራ። ድምፁ ከእኛ ደጅ ነው፤ የትኛው ሽማግሌ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ቅሬ፣ የቀብር ዕድራችን፣ ሲጠራ ሰዉ በሬውን ከእርሻ ፈትቶ ቀባሪ ይወጣል እንጂ አይከራከርም። ሴቶቹ ወደ ቤት ገብተው በጋቢ የተሸፈነውን ጎረምሳ እኔ መስሏቸው አለቀሱ፤ ፊልም ሠሪዎቹ እንድሪስ ያመጣላቸው ተዋናይ መስለዋቸው እንባቸውን ቀረጹት። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው በቀጥታ ወደ መቃብሩ ወረዱ። አንቺ አጠገብ ቆፈሩልኝ።

በባጃጅ ስመለስ ሰዉን አየሁና የማን ቀብር ነው ብዬ ወረድሁ። ጎረቤታችን ሰይድ "ቢስሚላህ" ብሎ ወደ ኋላ አለ። የቅሬው ዳኛ ሙሔ ግን አካፋውን ተደግፎ፣ "እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፤ ቤትዎን ጨርሰንልዎት ነበር" አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር።

ይህን ጊዜ መነጽራሙ ካሜራ አሸክሞ እየሮጠ ደረሰ። ጉድጓዱ ሳይደፈን ልቅረጸው፣ እናንተም ትንሽ አዘን በሉልኝ ብሎ ለመነ። ጥሪው የፊልም እንደነበር ሰዉ ያኔ ገባው፤ ሳቁ ቆመ። ሙሔ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ ነገ ከርስዎ ቤት ቢጠራ ማን በሬውን ይፈታል?" አለ። ዘሃራ፣ ሞትን አልፈራም። ይህን ጥያቄ ግን ፈራሁት። ቀባሪ ያጣ ሰው ምን ሰው ነው።

ዕለቱን ጓዛቸውን አስጫንሁ። ፊልሙ መጨረሻ አጣ ብለው አለቃቀሱ፤ ያለ መጨረሻ ይቅር። መነጽራሙን ቅሬው ፊት ሳላቆመው አልሸኘሁትም። እንድሪስን ደግሞ አካፋ የያዘው ሰው ሁሉ ደጅ እየሄደ "አፉ በሉኝ" እንዲል አደረግሁት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፈረዱ፤ ከእንግዲህ ከእኛ ቤት ሞት ሲኖር ሙሔ ራሱ ገብቶ፣ በዓይኑ አይቶ ይጣራል። የሌላ ሰው ጥሪ አይታመንም። ውርደት ነው። የፈረዱብኝን ስቀበል አይተሽ አታውቂም፤ ይህን ግን ተቀበልሁ።

ጉድጓዱን ማንም እንዲደፍነው አልፈቀድሁም፤ አፈሩን ራሴ መለስሁት። ከጎንሽ ያለው መሬት የላላው ለዚህ ነው። ደህና አድርገው ቆፍረውታል፣ አላጠበቡኝም። ጁምዓ ጁምዓ እየመጣሁ ዱአ አደርግልሻለሁ፤ ስምሽ ከአፌ አይጠፋም። አንድ ጁምዓ ከቀረሁብሽ ጆሮሽን ወደ ጉብታው አድርጊ። ሙሔ ይጣራል፤ ሰዉም ይወጣል።