ከግምት እስከ ስም፦ የመምህርት ሪታ ጋብሪኤሌ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በጸሎት የምንሸኛቸው መምህርት ሪታ ጋብሪኤሌ ከአባታቸው ከሲኞር ጋብሪኤሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትብለጥ ተኽለሃይማኖት በመጋቢት ወር 1949 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው እንጨት ሠራተኛ ነበሩ። ሪታ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አባትየው ወደ ጣሊያን ተመለሱ፤ ዳግመኛም አልመጡም።

ከአባታቸው የደረሰው ደብዳቤ አንድ ብቻ ነው። በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የነበሩት ሪታ ለእናታቸው እያነበቡ ሲተረጉሙ መጨረሻው ላይ «ኮን ስቲማ» የሚል አገኙ። ጣሊያኖች ደብዳቤ ሲዘጉ «ከአክብሮት ጋር» ለማለት የሚጽፉት ነው። ቃሉ ግን ግምትም ማለት ስለሆነ ትንሿ ሪታ «በግምት፣ ጋብሪኤሌ» ብለው ተረጎሙት። ወይዘሮ ትብለጥ «በግምት ነው እንዴ አባትሽ የሆነው?» አሉ። እናታችን ሪታ ይህን ሲተርኩልን ይስቁ ነበር። ቃል ሳይመዝኑ ላይናገሩ ለራሳቸው የማሉት ግን ያን ቀን እንደሆነ ነግረውናል።

በ1971 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ቋንቋ ዲግሪያቸውን ተቀብለው በደብረ ዘይትና በአዲስ አበባ ለስድስት ዓመታት አስተማሩ። በ1977 ዓ.ም. በአባታቸው ስም የጣሊያን ወረቀት ስላገኙ ወደ ሮም መጡ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት እያስታመሙ ኖሩ። በ1981 ዓ.ም. የትራም ሹፌር ከነበሩት ከአባታችን ከፍራንኮ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ ቶር ፒኛታራ በተባለ የሮም ሰፈር ቤት ይዘው ወንድሜን ሰሎሞንንና ይህን የምጽፈውን እኔን ሔራንን ወለዱ። አባታችን በ2006 ዓ.ም. ቀድመዋቸው አርፈዋል።

እናታችን በሰፈራችን ደብር አዳራሽ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ በነፃ ያስተምሩ ነበር። የሚማሩት ጥገኝነት የጠየቁ ወጣቶችና ለትምህርት ከአገር ቤት የመጡ ዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ናቸው። ሰውንና ዕቃን የምንመዝንባቸው ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፉበት አንድ ገጽ ነበራቸው፤ በእጃቸው ጽፈው በፎቶ ኮፒ ያባዙት ነው። «ኤስቲሜት» ሳይለኩ በዓይን መገመት ነው ይሉ ነበር። «አፕሬይዝ» ያወቀ ባለሙያ ዋጋ ሲያወጣ፣ «አሴስ» መሥሪያ ቤት መዝኖ ሲወስን፣ «አፕሪሺዬት» ደግሞ ያለውን መልካም ነገር በትክክል ሲያዩ ነው። «ኤስቲም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ጠመኔውን ያስቀምጡ ነበር። «ይኼኛው በዓይን አይደለም» ይሉ ነበር። «ሰውየውን ካወቃችሁት በኋላ በልባችሁ የምትሰጡት ቦታ ነው። «ኤስቲሜት» እና «ኤስቲም» ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው፤ ግን አብረው አላደጉም።»

ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ትግርኛም አማርኛም ስለሚያውቁ ከሮም ወጣ ብሎ በካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ መጠለያ ለነበሩ ስደተኞች ያስተረጉሙ ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራቸው። ተጠያቂዋ ሃርነት የምትባል ከኤርትራ፣ ከሰገነይቲ የመጣች ልጅ ነበረች። እናታችን ያውቋታል፤ ከግንቦት ጀምሮ የቅዳሜ ተማሪያቸው ናት፤ ሁልጊዜም በመጨረሻው ወንበር ትቀመጥ ነበር። ልጅቷ ወረቀት አልነበራትም። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ ለልጆች ወደ ተዘጋጀ ቤት ትሄዳለች፤ በላይ ከሆነ ግን ከአዋቂዎች ጋር ተቆጥራ ትቀራለች።

ሹሙ ወደ እናታችን ዞሮ «አሎራ ሲኞራ፣ እርስዎ የአገሩን ሰው ያውቃሉ። በዓይንዎ ስንት ይሰጧታል?» አላቸው።

ረጅም ልጅ ነበረች፤ የበረሃ ፀሐይ ፊቷን አክስሎት ነበር። ለእናታችን የዕለቱ አራተኛ ሰው ናት፤ ደክሟቸዋል። ለተማሪያቸው አዳሉ እንዳይባሉም ሰግተዋል። «አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ» አሉ።

ልጅቷ ጣሊያንኛ ባታውቅም ቁጥር ለምዳ ነበርና ሰማች። «መምህርት፣ አሥራ ስድስት ነኝ» አለች። ይህንንም ተረጎሙ። የተጻፈው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሃርነት በነሐሴ ወር ጀርመን አገር ወዳለ ወንድሟ እሄዳለሁ ብላ ጠፋች። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ማኅበረሰባችንን የሚያገለግሉት አባ ገብረሃና ከአስመራ ሲመለሱ የጥምቀት ወረቀቷን ከደብሯ ይዘው መጡ። የተወለደችው በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነበር። እናታችን ወረቀቱን አንብበው በወጥ ቤታችን ወንበር ላይ እስኪመሽ ተቀመጡ። በማግስቱ ለዚያ ቢሮ «ግምቴ ስሕተት ነበር» ብለው በፊርማቸው ጻፉ። መልስ አልመጣም።

አሁን የምጽፈውን ቤተሰቡ እንዳይነበብ ፈልጎ ነበር። እናታችን ግን «ካልተነበበ የሕይወት ታሪኬ አይደለም» ብለው ስላዘዙ እጽፈዋለሁ።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ እናታችን ለተማሪዎቻቸው «ኤስቲሜት» እና «ኤስቲም» የሚሉትን ቃላት አስገብታችሁ ዐረፍተ ነገር ጻፉ አሏቸው። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ወረቀቱን የሰበሰቡት ያኔ ተማሪ የነበሩት፣ ዛሬ ቅዳሴውን የሚመሩልን አባ የማነ ናቸው። ሲቆጥሩ አሥራ ሦስት ሆነ። ሁለቴ ቆጠሩ። አሥራ ሦስተኛው ስም የለውም። በእርሳስ፣ ፊደሉ በተሳሳተ እንግሊዝኛ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገመቱኝ፤ ግምት ግን አልሰጡኝም» ይላል።

እናታችን ከሐምሌው ቃለ መጠይቅ በፊት ሃርነት የሠራችውን የክፍል ሥራ አውጥተው አስተያዩት። የእጅ ጽሕፈቱ የእሷ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ያሾፈ መስሎን በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ በሩ ላይ ቆሜ የገባውን ሁሉ ቆጠርሁ። አሥራ ሁለት ሰው ገባ፤ አሥራ ሁለት ሰው ወጣ። ወረቀቱ አሥራ ሦስት ነበር።

አባ ገብረሃና አዳራሹን በጸበል ረጩት፤ ጸሎትም አደረሱ። ወረቀቱ አልቀረም። እናታችን ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ መፍራቱን ተዉ። ቀይ እስክሪብቷቸውን አንስተው ስሕተቱን አረሙ፤ ሳምንት ቅዳሜም በመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ክፍሉ ሲያልቅ ወረቀቱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንዲሁ ሆነ። የእጅ ጽሕፈቱ የልጅ እንደሆነ ቀረ፤ እንግሊዝኛው ግን እየተስተካከለ መጣ። በሁለተኛው ዓመት ግሱን በትክክል አስገባች። በአምስተኛው ዓመት እናታችን የሚያርሙት አጡ። «እየተማረች ነው» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን በአንዲት የተራራ ከተማ የሚያገለግሉ አባ ተኽለሃይማኖት ለጉባኤ ሮም መጥተው በቤታችን ምሳ ሲበሉ፣ በደብራቸው መካነ መቃብር ስም የሌላቸው አምስት ስደተኞች እንዳሉ አነሡ። እናታችን ማንኪያቸውን አስቀመጡ። በሳምንቱ ሁለታችን በባቡር ሄድን።

አምስቱ ድንጋዮች በግንቡ ሥር በመስመር ቆመዋል። ሦስተኛው ላይ «ያልታወቀች ሴት፣ ኤታ ስቲማታ 20፣ ኅዳር 2008» የሚል ተቀርጿል። «ኤታ ስቲማታ» በጣሊያንኛ የተገመተ ዕድሜ ማለት ነው። እናታችን ሃያ የሚለውን ቁጥር በጣታቸው ነኩት። «ይኼ የእኔ ቁጥር ነው» አሉ።

መካነ መቃብሩን የሚጠብቁት አዛውንት ሲኞር ኒኮላ የልጅቷን ዕቃ በፖስታ አስቀምጠውት ነበር። በበረዶ ውስጥ ሞታ በተራራው መንገድ ያገኟት እረኞች ከጃኬቷ ኪስ ያወጡት ወረቀት በውስጡ ነበር። አራት ታጥፎ፣ ረጥቦ የደረቀ ፎቶ ኮፒ ነው። ዘጠኙ ቃላት፣ በእናታችን እጅ ጽሕፈት።

ሃርነት ናት ብሎ መናገር ግን ለመንግሥት አይበቃም። እናታችን «እኔም በአንድ ወቅት ስላየኋት ብቻ ተናግሬያለሁ፤ አሁን ይረጋገጥ» አሉ። የሃርነትን ወንድም ዑቕባሚካኤልን ጀርመን አገር ፈልገው አገኙት፤ እግሩ ላይ ወድቀውም ያደረጉትን ነገሩት። እርሱ አነሣቸውና ለምርመራ ምራቁን ሰጠ። የመጨረሻው ፈቃድ እስኪወጣ ሦስት ዓመት ፈጀ። በሰኔ 2018 ዓ.ም. ድንጋዩ ተቀየረ። አሁን ስሟ፣ የአባቷ ስምና አሥራ ስድስት የሚለው ዕድሜዋ ተጽፎበታል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የሚቀር መስሎን ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ ክፍሉን ያግዙ የነበሩት አባ የማነ ሰብስበው ቆጠሩ፤ አሥራ ሦስተኛውንም ለእናታችን ሰጧቸው። አንድም ስሕተት የሌለበት አጭር መስመር ነበር፤ «መምህርት፣ ሌሎቹስ?» የሚል።

እናታችን ያኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ጉልበታቸውም ታሟል። ቢሆንም በየወሩ በባቡር ወደዚያች የተራራ ከተማ ይሄዱ ጀመር። ሮም ውስጥ ስደተኛ በሚበዛበት በቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ በየስልክ ሱቁ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ በየኤምባሲው በር ቆሙ። በ2021 ዓ.ም. ለአንድ አፍጋናዊ፣ በ2023 ዓ.ም. ለአንዲት ናይጄሪያዊት ስማቸውንና ትክክለኛ ዕድሜያቸውን አስጻፉ። የሁለቱም እናቶች በስልክ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ።

በዚያው ዓመት መስከረም እናታችን በጣፊያ ካንሰር መታመማቸው ታወቀ። ክፍሉን እኔ ተረከብሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ስገባ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ስንት መጣ?» ብለው ነው። ተማሪዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። «አሥራ ሦስት» እላቸዋለሁ። «እንግዲያው አልጨረስንም» ይላሉ፤ ቀጥለውም የሁለቱን ድንጋዮች ፋይል እንዳነብላቸው ያዙኛል። ምሥጢረ ቀንዲል ተቀብለው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘን፣ በ74 ዓመታቸው ቅዳሜ የካቲት 10 ቀን 2024 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ አረፉ።

መምህርት ሪታ ልጆቻቸውን ሰሎሞንንና ሔራንን፣ የልጅ ልጃቸውን ሞኒካን እንዲሁም በሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። ዑቕባሚካኤል ትናንት ከጀርመን ደርሶ ከእኛ ጋር አድሯል፤ ዛሬ አስከሬናቸውን በቀኝ በኩል ከፊት የያዘው እርሱ ነው። እኔና እርሱ ለቀሩት ሁለት ሰዎች ፍለጋውን እንቀጥላለን። ከሁለቱ አንዱ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ወጣት ነው፤ ሌላዋ በግራ እጇ የክር አምባር ያደረገች ሴት ናት። ከእናንተ መካከል የሚያውቃቸው ካለ ከቅዳሴ በኋላ ያናግረን።

ሁሉን በስሙ የሚጠራ አምላክ የእናታችንን ነፍስ በቅዱሳኑ እቅፍ ያሳርፍ፤ በየተራራው ያለ ስም ለወደቁትም ዕረፍትን ይስጥ። አሜን።