ወተታችንን ያረጋው የሲስተም ማሻሻያ

ለተከበሩ የወተት ማከፋፈያ ድርጅታችን የሲስተም አስተዳዳሪ፦

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የሚሽከረከረው ወንበርዎስ ደህና ነው? እኛ በታችኛው መጋዘን ያለን ሠራተኞች ከረጋው ወተት ሽታ በቀር ደህና ነን።

እኔ ጫኝና አውራጅ ስሆን፣ ስለ ኮምፒውተር በዓለም የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሁሉን ስል እንኳ፣ እርስዎ በመጋዘኑ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ ማለቴ ነው። የማታ ትምህርቴን ሰሞኑን ስለጨረስኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ፊርማዎ ድረስ ወርጄበታለሁ፤ ፊርማዎን ግን መምህሬም ሊያነበው አልቻለም። «ሲስተማችን በትልቅ ማሻሻያ ይታደሳል፤ ሙሉ ዝግጅት ተደርጓል» ይላል። ስለዚሁ ዝግጅት ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ለምረቃው የተሰቀለው ባነር ከማሻሻያው፣ የምረቃው ኬክም ከሙከራው መቅደሙ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ኬኩ ለስንት ሰው እንደሚበቃ ለማወቅ ፎቅ ላይ ክፍል ለክፍል ሲዞሩ ስለዋሉ፣ ማን በየትኛው ገጽ ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ጊዜ ማጣትዎ አያስገርመንም።

2. ሲስተሙን አስቀድመው መሞከርዎን ሰምተን ኮርተናል። የሞከሩት ግን ሁሉን በሚከፍተው በራስዎ ፓስወርድ ነበርና ሁሉም ተከፈተልዎ። እንደ አንድ ተራ ሠራተኛ ገብተው አንዴ ቢያዩት ኖሮ ጉዱ ያን ጊዜ ይታይ ነበር፤ ለዚያውም ከወንበርዎ ሳይነሱ።

3. ለማንም ስለማያዳሉ እትዬ ሚዛን የምንላቸው የመጋዘን ኃላፊያችን፣ ማሻሻያው በገባ ማለዳ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ፣ ወተት እንዲወጣ ሲያዙ የሚጫኗት «ፍቀድ» የምትለው በተን ከገጻቸው ጠፍታ አገኟት። ያለዚያች በተን ደግሞ በረኛው አንድም መኪና አያሳልፍም። እኔና ጓደኞቼ ወተቱን ከማቀዝቀዣው አውጥተን ጭነን ነበርና፣ መኪኖቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቀሩ። ሾፌሮቹ «እትዬ፣ ዛሬ እርጎ ነው እንዴ የምናከፋፍለው?» እያሉ ሲያላግጡ፣ እሳቸው ላብ እያጠመቃቸው ይደውሉልዎ ነበር። እርስዎ ኬክ እየቆረሱ ኖሮ ቆይተው አነሱና «እኔ ጋ ይሠራል» ብለው ዘጉባቸው። እንግዲያው ወደ ድሮው ሲስተም ይመለስ ሲባል፣ መመለሻ አልተዘጋጀም ተባለ። ወተቱም እርስዎን መጠበቅ ሰልችቶት ረጋ።

ከዚያ ወዲያ የጻፉትን ሪፖርት አነበብኩት፤ ማንበብ መቻሌን የረገምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥፋቱ «ተጠቃሚዋ ለለውጥ ዝግጁ ባለመሆናቸው» የመጣ ነው ይላል። በዚህች ዓረፍተ ነገር የተነሳ፣ መጋዘኑ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተው እትዬ ሚዛን ከሥራ ይሰናበቱ እንደሆነ የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰኞ ተቀምጦ ይወስናል። ዝግጁ ያልሆነው ማን እንደነበር ግን የተደፋው ወተት ያውቀዋል፤ የደፋሁትም እኔ ነኝ።

4. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ፣ በማግስቱ ደረጃውን ወርደው፣ በእትዬ ሚዛን ወንበር ተቀምጠው፣ በተኗ አለመኖሯን በገዛ ዓይንዎ ካዩ በኋላ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለኮሚቴውም ይህንኑ እናገራለሁ» ስላሉ ነው። ከእርስዎ የሚጠበቅ ትልቅነት ነው።

ከባነርዎ ከፍ ብሎ በተሰቀለ አክብሮት፣
የረጋውን ወተት ደፍቶ ሳጥኑን ያጠበው ታዛዥዎ፣
የማታው ክፍል አንደኛ (ሁለተኛ የወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እሷ ግን ተቃራኒውን ትናገራለች)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬን ያረመችልኝ ባለቤቴ ውሸት ይዤ እንዳልወጣ ስላስጠነቀቀችኝ፣ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ተራ ቁጥር 4ን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ወደ ታች ወርደው አያውቁም። የቀረው ሁሉ እውነት ነው። አራተኛውን ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሰኞ ከመድረሱ በፊት ቢወርዱ እሱም እውነት ስለሚሆን ትቼዋለሁ። የእትዬ ሚዛን ወንበር አይሽከረከርም፤ ከዚያ በቀር ታች የሚያስፈራዎት ነገር የለም።