ባጃጅ ውስጥ የሰማሁት ድምፄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዲላ

ዛሬ ቆጮ ገዝተን ስንመለስ ከእኅት አስቴር ጋር በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። ልጄ ናቲ ያደገበትን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የምትመራው እሷ ናት። መዘምራኑን ትቶ ዘፋኝ ልሁን ብሎ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ «እስኪመለስ አላናግረውም» ያልኩት በእሷ ፊት ነው። ግን ተደብቄ እደውልለት ነበር።

ሾፌሩ የናቲን ዘፈን ከፈተ። ዘፈኑ የሚጀምረው በእኔ ድምፅ ነው፤ ስደውልለት ቀድቶኝ ነበር። «ናቲዬ፣ ራት በላህ?» እላለሁ። «በልቻለሁ እማ» ይላል። ያገኘውን ሁሉ ለስቱዲዮ እየከፈለ ጦሙን ያድር እንደነበር ጓደኞቹ የነገሩኝ ለናቲ ለቅሶ ሲመጡ ነው።

ሾፌሩ ድምፄን አስመስሎ «ናቲዬ፣ ራት በላህ?» አለና ሳቀ። «ይቺን እናት ባገኛት ዕድሜ ልኳን በነጻ ነው የማመላልሳት!»

እኅት አስቴር ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ ይሄ ድምፅ የማን ነው?»

እንደማላውቅ ትከሻዬን ሰበቅኩ። አፌን ብከፍት ሁለቱም ድምፄን ይለዩታል ብዬ ፈራሁ።

እሷ ቀድማ ወረደች። ያኔ እንኳ ለሾፌሩ የናቲ እናት ነኝ ማለት አቃተኝ። ሰፈሬ ስንደርስ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ መውረጃዬን በእጄ አሳየሁት።

«ውይ እማማ፣ መናገር አይችሉም እንዴ?» አለኝ።

አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

አዘነልኝ። ዘንቢሌን በር ድረስ አደረሰልኝ። ሂሳብም አልቀበልም አለ።