ከቁልቋሉ ወዲያ ያሉ ቤቶች

ውድ አገርነሽ፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ማርቆስ ነው፤ መዘምራኑን የሚመራው፣ ድምፅሽ ከሁላችን በላይ ሲወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ የሚለው ማርቆስ። የት እንደገባችሁ ስጠይቀው ሁለት ጊዜ አላውቅም ብሎኛል። በሦስተኛው "ደብዳቤሽን እወስዳለሁ፤ አንቺን ግን ይዤ አልሄድም" አለኝ። አልተቀየምኩትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

"እንደምን አለሽ" ብዬ ለመጀመር ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ቤትሽን ያሳጣሽ ሰው ስለ ጤናሽ ሲጠይቅ ያስቃል። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ከመጠየቄ በፊት ግን ያደረግኩትን በራሴ እጅ ልጻፍልሽ።

ሰፈራችንን ኦልባን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ጭቃዋን ረግጠሽ አቡክተሽ ያደግሽባት ናት። ግን እኔ አንዴ በሐሰት ስለጻፍኳት፣ አሁን እንዳለች ልጻፋት። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን የሚወጣውን አስፋልት ይዘሽ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ዋርካ ስር ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ትጀምራለች። ላይኛው በኩል አዲሶቹ ናቸው፤ ቆርቆሯቸው ገና የሚያብረቀርቅ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች፣ ከወላይታ የመጡ ግንበኞች፣ የከተማው የቤት ኪራይ ያስመረራቸው መምህራን። መሃሉ የሙዝና የማንጎ ማሳ ነው። እዚያ ያለነው አያቶቻችን ከጨንቻና ከኦቾሎ ወርደው ወባውን ችለው የሰፈሩ፣ "ነባሮቹ እኛ ነን" እያልን የምንኩራራው ነን። ከማሳው ግርጌ ረድፍ ቁልቋል አለ። ከቁልቋሉ ወዲያ መሬቱ ይጠቁራል፣ ሲረግጡት እግር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አባያ ነው። በቁልቋሉና በአባያ መካከል የእናንተ የሸክላ ሠሪዎቹ ዐሥራ አንድ ቤቶች ነበሩ።



አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን፤ ትዝ ይልሻል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኛ ግቢ ትመጪና ከማንጎው ስር ትቀመጫለሽ። እናቴ የተቀቀለውን የቦይና ሥር ለእኔ በሳህን፣ ለአንቺ በሙዝ ቅጠል ታቀርብልናለች። እኔ ታዲያ ቅጠሉ ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቀናሁና "ለእኔም በቅጠል ካልሆነ አልበላም" ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ ደነገጠች። አንቺ ግን ሳቅሽ። እኔ የማላውቀውን አንቺ በሰባት ዓመትሽ ታውቂው ነበር፤ አንቺ በበላሽበት ሳህን እኛ መልሰን አንበላም፣ ቅጠሉ ግን ይጣላል። እኔ ይህን የተረዳሁት በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከተረዳሁ በኋላም አንድ ቀን "በሳህን ስጧት" ብዬ አላውቅም።

እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ በጌታ ሁላችን አንድ ነን እያልን እንዘምራለን። ወጥተን ቁልቋሉ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንቺ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ወጣችን የሚበስለው እናትሽ እማማ ብርቅዬ በሠሩት ድስት፣ ውሃችን የሚቀዘቅዘው በእሳቸው እንስራ ነበር። እጃቸው የነካው ሁሉ ቤታችን ሲገባ እሳቸው ከደጃፍ ይመለሳሉ። ለሠርጌ ያመጣሽልኝ ድስት ዛሬም አለኝ። ያን ቀንም ድስቱ ጓዳ ገባ፣ አንቺ ከዳሱ ውጭ ቀረሽ። እኔም ሙሽራ ነበርኩና ያላየ መምሰል ቀለለኝ።

እንግዲህ ያላየ መምሰል የለመደብኝ ቀስ በቀስ ነው።

አምና በጥቅምት ኦልባ ወደ ከተማው ልትካለል ነው ተባለ። ቀበሌው መዝገብ ቤት ስለምሠራ ከቆጣሪዎቹ አንዷ ሆኜ ለሰፈራችን ተመደብኩ። ታብሌት ሰጡኝ። ሥራው ቤት በቤት እየዞሩ ስንት ሰው እንደሚያድር መጠየቅና ቤቱ ያለበትን ቦታ በታብሌቱ ላይ መንካት ነው። የተነካ ቤት ወይ የይዞታ ማረጋገጫ ያገኛል፣ ወይ ልማት ሲደርስበት ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። ያልተነካ ቤት የለም ማለት ነው። ይህን ሥልጠናው ላይ ነግረውን በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ አላወቅኩም ልል አልችልም።

መንገድ የሚመራኝ ሽማግሌ ያስፈልግ ነበርና አባቴ ተመረጠ። ሦስት ሳምንት ዞርን። የማን ድንበር የት እንደሚያልቅ፣ ማን አጥር ገፍቶ ማን ችሎ እንዳለፈው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በየቤቱ ቦርዴ ሳይቀምስ ስለማይወጣም ሥራው ሁለት ቀን ረዝሞብኛል። በመጨረሻው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ቁልቋሉ ጋ ስንደርስ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመና "አበቃ" አለኝ።

እነ አገርነሽስ ብዬ ጠየቅኩት። እዚህ ላይ አልዋሽሽም፣ ጠይቄዋለሁ። አባቴ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ሳይቆጣ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሆኖ ነው የመለሰልኝ።

"ሽማግሌ ዱቡሻው ሜዳ ላይ ለሸንጎ ተሰብስቦ ቤት ሲቆጥር የሚቆጥረው መዋጮ የሚያዋጣውን ነው። እነሱ የሚያመጡት ማሰሮ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው የሚቆጠሩት?"

ያኔ ቀና ስል አየሁሽ። ቆጣሪ እንደሚመጣ ሰምተሻል። ግቢሽ ተጠርጓል። ከደጃፍሽ ሁለት በርጩማ አውጥተሽ በአንደኛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈሻል። ልጆችሽ ፊታቸውን ታጥበው በተራ ቆመዋል፤ ትልቁ የትምህርት ቤት ሸሚዙን ለብሷል፣ ቀኑ ግን ቅዳሜ ነበር። አንቺ ጭቃውን ከእጅሽ አስለቅቀሽ በቀሚስሽ እየጠረግሽ ወደ እኛ ታያለሽ። በመካከላችን ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ጨርቁን ለማን እንዳነጠፍሽው ገባኝ። ብወርድ እቀመጥበት ነበር? አባቴስ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር? ውሃ ብታመጪልንስ ምን ልንል ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና ከቆምኩበት ሳልወርድ ቀረሁ። ሰኞ ብቻዬን እመጣለሁ ብዬ ራሴን አታልዬ ዞርኩ።

ሰኞ ታብሌቱን የማስረክብበት ቀን ነበር። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ "ያልተመዘገበ ቤት አለ?" ከስሩ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ አዎ፣ አንዱ የለም። የለም የሚለውን ነካሁት። ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ቤት፣ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰባት ሰው። ቁጥሩን በሕዝብ ስብሰባ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ተጨበጨበልኝም።

በጥር ፕላኑ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከቁልቋሉ በታች ያለው ሁሉ ቢጫ ተቀብቶ "ክፍት ቦታ" ተብሎበታል፤ ለቤት ማኅበራት ዕጣ ሊወጣበት ነው። ያን ዕለት መስኮቴ ስር የማይጮህ ሰው አልነበረም። አንቺ ግን ተራሽን ጠብቀሽ መጣሽና ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ አናገርሽኝ።

"ምኞት፣ ቁጠሪን ልልሽ አልመጣሁም። ያን ቀን አይተሽኝ ነበር ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

"አላየሁሽም" አልኩሽ።

ከዚያ እሺ ብለሽ፣ ነጠላሽን አስተካክለሽ፣ ከኋላሽ ለቆሙት መንገድ ለቀሽ ሄድሽ። አገርነሽ፣ አይቼሻለሁ። ይህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት ይህች ቃል ብቻ እንድትደርስሽ እፈልጋለሁ። አይቼሽ፣ ዓይንሽ ዓይኔ ላይ አርፎ ነው የተመለስኩት።

ማሽኑ የመጣው በግንቦት ነው። የጭቃ ቤት ስለሆነ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ቢሮዬ ድረስ ይሰማ ነበር። ባለጉዳይ ምንድነው ብሎ ሲጠይቀኝ መንገድ እየሠሩ ነው አልኩ። በዚያ ሳምንት እሑድ መዘምራኑ አንድ ድምፅ ጎድሎባቸው ዘመሩ፤ ማርቆስም ዓይኑን አልጨፈነም።

አሁን ለምን ጻፍሽልኝ ትይ ይሆናል። ባለፈው ወር ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በቆጠራ ስህተት የቀረ ቤት ካለ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ያመልክት የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ከእናንተ ማንም አልመጣም። ማን ይነግራችኋል? ማስታወቂያው የተለጠፈው ለተቆጠረ ሰው ነው። ደንቡን አገላብጬ አየሁት፤ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ ቆጣሪው ራሱ ቤቱ እንደነበረ አምኖ የሚፈርምበት ቃል ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ ቤት ያድር የነበረ ሰው ዝርዝር። ቃሌን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ስህተት አላልኩትም፤ "እያየሁ ተውኩት" ብዬ ነው የጻፍኩት። አለቃዬ አንብቦት መልሶ ሰጠኝና በገዛ እጅሽ እንጀራሽን አትቁረጪ አለኝ። ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትይኝም እውነትሽን ነው፤ ብቻ ውሻዋ ባትጮህ ኖሮ የባሰ ይሆን ነበር።

ለአባቴ ስነግረው ራቱን ትቶ ተነሣ። ተቆጣ ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ደጄ ቆሞ አገኘሁት። አብረን ወረድን፤ ቁልቋሉንም አለፍን። ከማሽኑ ጎማ ዱካና ሸክላ ይተኮስበት ከነበረው አመድ በቀር ምንም የለም። አባቴ መሃል ላይ ቆሞ በዱላው እያመለከተ ይጠራ ጀመር፤ ይህ የእንድሪያስ፣ ይህ የካሱ ሚስት፣ ያ በሩ ወደ ሐይቁ የነበረው የሰናይት። አንድም ሳይስት ዐሥራ አንዱንም ጠራቸው። ለካ ያውቃችሁ ነበር። ከየት አወቅክ ስለው "ዕድሜዬን ሙሉ ከማሳዬ ሆኜ ጭሳቸውን ሳይ ነው የኖርኩት" አለኝ። በየቤቱ ስንት ነበሩ ብዬ ስጠይቀው ግን አላውቅም አለኝ። ጭስ ይታያል፤ ውስጥ ያለው አይታይም።

የዐሥሩን ቤት ዝርዝር በማርቆስና በጸሎት ቤቱ መዝገብ ሞላሁት። ያንቺ ቤት ላይ ስደርስ ማርቆስ መዝገቡን ዘጋብኝ። "የእሷን ራሷን ጠይቂያት" አለ።

አገርነሽ፣ ብቻዬን ልሞላው ሞከርኩ። አንቺ፣ ባልሽ ዳግም፣ ትልቁ ልጅሽ ኢያኤል። ሁለተኛውን በመልክ እንጂ በስም አላውቀውም። ጀርባሽ ላይ ያየኋት ሕፃን ማን ትባላለች? እማማ ብርቅዬ የሚያድሩት ከአንቺ ጋር ነበር ወይስ ከወንድምሽ? ዛሬስ በሕይወት አሉ? ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ናት ስል ኖሬ፣ በቤትሽ ስንት ሰው እንደሚያድር አላውቅም።

የምለምንሽ ይህን ነው። ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ በር ላይ ወረቀቶቹን ይዤ እቆማለሁ፤ አባቴም በምስክርነት ሊፈርም አብሮኝ ይመጣል። መምጣት ካልፈለግሽ ስማቸውን ጽፈሽ በማርቆስ ላኪልኝ። ቦታ ይሰጧችኋል ብዬ አልምልልሽም፤ አላውቅም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ እሱን ለመጠየቅ መጀመሪያ ደጅሽ መቆም ነበረብኝ።

ባትመጪም፣ ባትልኪም የዐሥሩን ቤት አስገባለሁ። ያንቺንም አልተወውም። የቤተሰብ ብዛት የሚለውን ባዶ አድርጌ፣ ምክንያት በሚለው ላይ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ "ቆጣሪዋ ሠላሳ ዓመት ስታውቃቸው አንድ ቀን ቤታቸው ገብታ ስለማታውቅ።"

ነጭ ጨርቅ አንጥፈሽ የጠበቅሻት፣
ምኞት ክብሩ