ትኩሳቱን የደበቅኩበት ሰሞን

ዓርብ፣ ጥር 30
ሐዋሳ ሆስፒታል ሃያ አንደኛው የጨረር ሕክምናዬ አለቀ። አሥራ ስምንት ቀረ። ነርሷ ፀደይ እንደ ልማዷ፣ "ጋሽ ገነነ፣ ውሃ ይጠጡ፤ ሽንት እንዳይይዙ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ከሐዋሳ እስከ አርባ ምንጭ ግን አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም... ሹፌሩን በየመንገዱ አቁምልኝ ልበል? ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ግማሹ ተሳፋሪ ተማሪዬ ነበር።
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ አገርነሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ከሳህ" አለች። የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑን ታውቃለች። ስለ ሽንቱ ግን አውርተን አናውቅም። እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 1
ወደ ደጋው፣ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። የማውቀው ገበሬ ኤርጫፎና ጎረቤቱ በመሬት ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ እንድሆናቸው ጠርተውኛል። ዱቡሻ ላይ፣ በሽማግሌዎቹ የዕርቅ አደባባይ፣ ከተቀመጡ ደግሞ ምርቃቱ ሳይደርስ መነሳት ነውር ነው። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። ያዝኩት። ላብ አጠመቀኝ። ሰዎቹ ታረቁ፣ ተቃቀፉ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ አጥሩ ጀርባ ሄድኩ... ጠብታ ብቻ። እሳት ነው። ምን ነካኝ?

እሑድ፣ የካቲት 2
ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተንቀጠቀጥኩ። "የጨንቻ ብርድ መትቶኝ ነው" አልኳት አገርነሽን። ዋሸሁ።
ትኩሳት እንዳለኝ ካወቁ ጨረሩን ያቆሙታል። ከቆመስ? ካንሰሩ እስክድን ይጠብቀኛል? ማታ ሐዋሳ እንደገባሁ ትኩሳት ማውረጃ ፓራሲታሞል ገዛሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 3
ትኩሳቴ ከመለካቱ በፊት ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። 36.9። "ሽንትዎስ?" አለች ፀደይ። "ደህና ነው።" በስልሳ ስድስት ዓመቴ እንደ ፈተና ኮራጅ ልቤ ደለቀ።
ማሽኑ ላይ ተኛሁ። ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። በድምፅ ማጉያው፣ "ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ..." አልቻልኩም። በሩ ተከፈተ። ፀደይ ግንባሬን ነካች።
"ምን ወስደው ነው የመጡት?"
"ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ።"
ዱቡሻውን፣ ጠብታውን፣ ክኒኑን... ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ዶክተር ልትጠራ ሮጠች።
ፊኛዬ ተወጥሯል። ቱቦ አስገቡ፣ ደምና ሽንት ወሰዱ፣ በደም ሥሬ መድኃኒት ጀመሩ። ዶክተሩ፣ "ጨረሩ ለጊዜው ቆሟል። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ከካንሰሩ ቀድሞ ይገድልዎታል" አለኝ። ፊት ለፊት፣ እንዲህ ብሎ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
39.2። አልወርድ አለ። የሽንቱ ምርመራ ደረሰ፤ ጀርሙ የጀመሩልኝን መድኃኒት ተላምዶታል። ሌላ ቀየሩልኝ። ይኼም እንቢ ቢልስ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።
አገርነሽ መጣች። ፀደይ ናት የደወለችላት። "ብርድ ነው አልከኝ" አለች። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ዓርብ፣ የካቲት 7
38.1።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ሦስተኛ ቀን። ቱቦው ትናንት ጠዋት ወጣ። ጨረሩ ነገ ይቀጥላል! በየሳምንቱ አርባ ምንጭ መመላለስ ግን ተከልክሏል። አገርነሽ እስክጨርስ እዚሁ ሐዋሳ ትቆያለች።
ዛሬ ፀደይ ያንን የሽንት ጥያቄዋን ይዛ መጣች። አገርነሽ አጠገቤ እንደተቀመጠች ነው። ያቃጥላል? ትንሽ። ደም አለው? የለውም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ ግን አንድ በአንድ መለስኩ።
"ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሱ?"
"ሦስት" አልኩ።
"አምስት ነው" አለች አገርነሽ። "ቆጥሬያለሁ።"
ፀደይ አምስት ብላ ጻፈች።