መነጽሩ ሲነክስህ ተመለስ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሙርሲና
ታዋው

እትዬ ሙርሲና፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ ዓሣ ማሸጊያው ቤት አሁንም ቀኑን ሙሉ ያቆሙሻል? ባለቤትሽ ሩስታም ደህና ነው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ጥርስ አበቀለች? አላህ ሁላችሁንም ከክፉ ይሰውራችሁ፤ በእኛና በእናንተ መካከል ያለውንም ባሕር ጸጥ ያድርገው። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ በልማድ እዚያው ሄደ። ቤቱ ባሕሩ ላይ እንደቆመ ነው፣ ምሰሶዎቹም አልተነቃነቁም። እንበላለን፣ እንተኛለን። ይኸው ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። መልሱን ያዘገየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጄዋለሁ። የጠየቅሽኝ አጭር ነገር ነው፤ «አባባ በሞተበት ቀን እኔ በላክሁት ገንዘብ የተገዛለትን የመጥለቂያ ማስክ አድርጎ ነበር? ወዶትስ ነበር?» ነው ያልሽው። አዎ፣ አድርጎት ነበር። አዎ፣ ወዶት ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ማንም አይጠይቀኝም፤ ቀሪውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና።

መንደሩ የሚለውን አንቺም ሰምተሽዋል። ስንወለድ የእንግዴ ልጃችን ባሕር ይገባል፤ ታላቅ ወንድማችን ሆኖ እዚያ ይጠብቀናል። አባባን ታላቅ ወንድሙ ናፍቆት ጠራው ነው የሚሉት። እማማም «ወንድሙ ነው የወሰደው፣ ባዕድ አልወሰደው» እያለች ትጽናናለች። ለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ ሲለኝ እኔ ራሴን ስነቀንቅ ከረምኩ። ማንም አልጠራውም እትዬ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ገንዘቡን ስትልኪ «አባባ የሚጠልቅበት የእንጨት መነጽር መስታወቱ ተሰንጥቋል አሉ፤ ደህና ማስክ ምረጥለት» ብለሽኝ ነበር። ወዲያው ወደ ዳኤንግ ቴኔ ሱቅ ሄድኩ። ሴትዮዋን ታውቂያት የለ፤ ነጠላ ጫማውን፣ ሳሙናውን፣ የዓሣ መውጊያውን ጦር ሁሉ ባንድ ገመድ ላይ ነው የምታንጠለጥለው። አሥራ አንድ ማስክ እንድታወርድልኝ አደረግሁ። መስታወቱ ሰፊ የሆነውን አልወሰድኩም፤ ሰፊ ማስክ ብዙ አየር ይይዛል፣ ስትወርጂ ያን ሁሉ አየር ከትንፋሽሽ ላይ ነው የሚቀማሽ። ጎማው ነጭ የሆነውንም ተውኩት፤ ብርሃን በጎን አስገብቶ ያብለጨልጫል፣ ዓሣው ገና ከሩቅ ያይሻል። ዝቅ ያለ፣ ጥቁር፣ አፍንጫውን በሁለት ጣት መያዝ የሚቻል ማስክ ለየሁ። ዳኤንግ ቴኔ ወገቧን ይዛ ስታየኝ ቆይታ «አንተ፣ ሚስትህን ስታገባ እንዲህ መርጠሃል?» አለችኝ። «እሷን እናቴ ናት የመረጠችልኝ» አልኳት። ሳቀች። ያን ቀን እኔም ስቄያለሁ።

ማስክ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ነው። ፊትሽ ላይ ለጠፍ ታደርጊውና በአፍንጫሽ ትንሽ አየር ትስቢያለሽ፤ እጅሽን ስትለቂው ካልወደቀ የአንቺ ነው። ከእኔ ፊት ላይ ወደቀ። ግን እኔ የእማማ ፊት ነው ያለኝ። ቤት ወስጄ አባባ ላይ ሞከርኩት፤ ከእሱም ላይ ወደቀ። በኋላ ሲታይ ለካስ ጺሙ ነው ጎማውን የሚያነሳው! ያ አርባ ዓመት ሙሉ ቁልቁል ሲለቀው የኖረ ጺም። «ወይ ጺሙ ወይ ማስኩ» አልኩት። አንድ ቀን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ተላጭቶ ወጣ፤ እማማ ገና ስታየው «ኧረ ይሄ ደግሞ ማነው? የባሌን ሱሪ ከየት አገኘኸው?» አለችው። ማስኩን ለጠፈ፣ አየሩን ሳበ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ በበሩ ጠርዝ ላይ ቆመ። አልወደቀም። ጎረቤቱ ሁሉ «ሙሽራው! ሙሽራው!» እያለ አጨበጨበለት።

አዲስ መስታወት ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ቅባት ጉም ያለብሰዋል፤ እሱን በጥርስ ሳሙና አሽቼ አጠብኩለት። ሌላው ዕቃው የድሮው ነበር፤ ራሱ የጠረበው፣ ጦሩን በላስቲክ የሚወረውር የእንጨት ጠመንጃ፣ እግሩ ላይ የሚያስራቸው ሁለቱ የጣውላ መቅዘፊያዎች፣ ለክብደት የእርሳስ ብረት የተሰካበት ቀበቶ። ጠመንጃው ላይ ላስቲኩን ብቻ ቀየርኩ።

መጀመሪያ የወረደ ቀን አብሬው ነበርኩ። ብቅ ሲል የጮኸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «አይነክስም! አይነክስም እኮ!» አለኝ። «ስልሳ ዓመት ሙሉ ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!» በአፍንጫው ትንሽ አየር ወደ ማስኩ ነፋ ያደርጋል፤ ያኔ ዓይኑን የሚጫነው ነገር ይቀርለታል። ከዚያ ቀን ወዲያ ባሕሩ ውስጥ ካለው ገደል ጠርዝ በታች፣ ወጣቶቹ ብቻ ከሚደርሱበት ቦታ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ ያመጣ ጀመር። ለአንቺም «የልጄ ዓይን ነው ያደረግሁት ብለህ ጻፍላት» ብሎኝ ነበር። ሳልጽፍልሽ ቀረሁ።

የሞተ ዕለት አብረውት የነበሩት ጋሽ ቡንጋሊ ናቸው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ ጀልባ ላይ ናቸው፣ ታውቂያለሽ። ጠዋት ነበር፣ ውኃውም ጥርት ያለ። «ወረደ፤ ቆየ፤ ከለመደው በላይ ቆየ» አሉኝ። «ከዚያ ሲመጣ አየሁት፣ ዓሣውንም ወግቶታል። ውኃው ፊት ላይ ሊደርስ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ሲቀረው እንደ ተኛ ሰው እጁ ተፈታ።» ዘለው አወጡት። ትንፋሹ ግን አልተመለሰም። እኔ ስደርስ ጀልባው ወለል ላይ ነበር። ማስኩን ከፊቱ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ውስጡ አንዲት ጠብታ ውኃ አልነበረም። ጥሩ ነበር የመረጥኩለት።

አሁን ያንን ነገር ልንገርሽ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አባባ የመጀመሪያዬን የእንጨት መነጽር ጠርቦ፣ ሁለት መስታወት በዛፍ ሙጫ ለጥፎ ሰጠኝና አንዲት ነገር ብቻ አስተማረኝ፦ «ሲነክስህ ተመለስ። መነጽሩ ከእኔ በላይ ያውቃል።» የእንጨቱ መነጽር አፍንጫን አይሸፍንም፤ አየር አትሰጪውም። አሥር ቁመት ስትወርጂ ውኃው መስታወቱን ወደ ዓይንሽ ይገፋዋል፣ ዓይንሽን ዙሪያውን ይነክስሻል። እኛ ጥልቀት አንለካም፣ ሰከንድ አንቆጥርም። ሲነክሰን እንመለሳለን። አባባ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በዚያች ንክሻ ነው እየተመለሰ እማማ ጋ የገባው። እኔ ሄጄ የማይነክስ መረጥኩለት። ከዚያ ወዲያ ተመለስ የሚለው ነገር አልነበረም። እሱ ደስታው አስረሳው። እኔ ግን ቆሜ ሳጨበጭብ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ «አባባ፣ አሁን በምን ታውቀዋለህ?» አላልኩትም። ነገሩ የገባኝ ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን የእንጨት መነጽሩን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው ነው።

ይህን የጻፍኩልሽ ጥፋቱን እንድትካፈዪኝ አይደለም። አደራሽን፣ አንድ ሌሊትም እንቅልፍ እንዳታጪበት። አንቺ ምረጥለት አልሽ፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ እሩቅ ነበርሽ፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

አላለቀስኩም እትዬ። ሳጥበው አላለቀስኩም፣ ደሴቷ ላይ ስንቀብረው አላለቀስኩም፣ አርባው ሲወጣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ሳህን እየቆጠርኩ እመልስ ነበር። ካሳቫው አፌ ውስጥ እንጨት እንጨት ይላል። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን አያለሁ። ሚስቴ ኑርሊያ ሰንብታ ሰንብታ «ባል አገባሁ ብዬ ግድግዳ አግብቻለሁ» አለችኝ። ልክ ናት አልኩ፤ ልክ መሆኗም ምንም አልመሰለኝም። ሦስት ወር ሙሉ ውኃ አልገባሁም። እሷ ውኃው ሲሸሽ እየወጣች ዛጎልና ትንንሽ ኦክቶፐስ ለቅማ ታበላን ነበር። ድልድዩ ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ያው ናቸው፤ «ሳፓራ፣ ዶሮ ሆንክ እንዴ? ጣራ ላይ ውጣልና!» ይሉኛል። ስድቡም አልነካኝም።

እማማ አታውቅም። ማስኩን ሚስማሩ ላይ ሰቅላ በየቀኑ አቧራውን ትጠርግለታለች። «አዲስ ዕቃ እኮ ነው፣ የእህትህ ላብ ነው፤ አንተ አድርገው እንጂ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ለፊቴ አይሆንም» እላታለሁ። ይሄም ውሸት አይደለም።

ያለፈው ሳምንት ኑርሊያ ታመመችብኝ፤ አትደንግጪ፣ ትኩሳት ብቻ ነበር፣ አሁን ተነሥታለች። ግን ቤት ውስጥ የሚበላ አልነበረም። ዓሣ ልወጋ ብዬ የመጥለቂያ ዕቃ ልመርጥ ወደ ዳኤንግ ቴኔ ወረድኩ። ምንም ሳልል ያንኑ ጥቁር ማስክ አንስታ ዘረጋችልኝ። «የአባትህ ዓይነት ነው፤ ከዚህ የተሻለ የለኝም» አለች። ምስኪን፣ ልታስደስተኝ ነው። እጄ አልተዘረጋም። «መስታወት ስጪኝ፤ የመስኮት መስታወት» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ሳትቀልድ ቆርጣ ሰጠችኝ።

አባባ የጃክ ፍሬ ዛፍ ግንድ ትርፍራፊ ቤቱ ሥር አስቀምጦ ነበር፤ ከሱ ለራሴ መነጽር ጠረብኩ። ሁለቴ ሰነጠቅሁት። ሦስተኛው ቅርጹ ያስቃል፤ ጋሽ ቡንጋሊ ሲያዩት «ይሄ የፍየል ነው የሰው?» አሉኝ። በጀልባቸው ይዘውኝ ወጡ፤ ከገደሉ ጠርዝ በላይ ቆምን፣ አባባ ከሞተበት ትንሽ ፈንጠር ብለን። የእሱን ጠመንጃ ይዤ ገባሁ። ስወርድ ምንም አልተሰማኝም፤ ፍርሃትም፣ ብርድም። እውነቱን ልንገርሽ፣ መመለሴም አለመመለሴም ግድ አልሰጠኝም ነበር። ወረድኩ፣ ወረድኩ። ጥቁር ጥቁር ዓሣዎች ከድንጋዩ ሥር አዩኝና ሄዱ። ከዚያ አሥር ቁመት ላይ ነከሰኝ።

አመመኝ እትዬ። ዓይኔን ዙሪያውን፣ አጥንቴ ድረስ። ሦስት ወር ሙሉ ያመመኝ ነገር አልነበረም። ተመለስኩ።

ጀልባው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ ሳለ ጋሽ ቡንጋሊ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩና «ቀድሞውንም ብዬህ ነበር፤ ያፈሳል፣ ይኸው ውኃ ሞልቶታል» አሉ። «አያፈስም ጋሼ» አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው እስክጨርስ ድረስ ጠበቁኝ። ዓሣ አልያዝንም።

የአባባን የእንጨት መነጽር በጎረቤታችን በሳምሲያ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። የተሰነጠቀውን መስታወት ቀይሬዋለሁ። እኔ ሞክሬው ነበር፤ በግራ ጉንጬ በኩል ውኃ አስገባ። ስለ እማማ ደግሞ አንቺ ወስኚ። ንገራት ካልሽኝ እነግራታለሁ፤ ተወው ካልሽኝ ማስኩን ስትጠርግ እያየሁ እኖራለሁ። ብቻዬን መወሰን አልቻልኩም። ልትረግሚኝም ከሆነ በደብዳቤ አይሁን፣ መጥተሽ ይሁን።

እማማ ጉንጭሽን ደጋግማ ትስማለች፤ ወገብሽን በሞቀ አሸዋ አስታሚው ብላለች። ኑርሊያ ሰላም ትልሻለች፣ የላክሽላት ሻሽ ደርሷታል። ጋሽ ቡንጋሊ «ያቺ ቀዛፊ ልጅ አሁንም ጀልባ መገልበጥ ትችላለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ዳኤንግ ቴኔም ሰላም ብላሻለች። ለሩስታም እጅ ነሥቻለሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለት ጊዜ።

መነጽሩን ስታደርጊው ማሰሪያውን አታጥብቂው እትዬ። አንቺ የአባባ ፊት ነው ያለሽ፤ ያለ ማሰሪያም ይይዝልሻል።

ወንድምሽ ሳፓራ
ሳምፔላ፣ ጁላይ 14 ቀን 2018